የገመዱ ጫፍ በማን እጅ ነበር? ጎጃም፣ ቀላድ እና የ133 ክንድ ሒሳብ

በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬ በመንግሥት ላይ ጠመንጃ አነሣ። ሰበቡ በወረቀት ሲታይ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ነው። በየገበያውና በየደጀ ሰላሙ የሚወራው ግን ሌላ ነበር፤ መሬት ሊለካ ነው፣ ቀላድ ሊገባ ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬም ሲነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋል፤ ወግ አጥባቂ ገበሬ ዘመናዊ አሠራር ፈራ ተብሎ። አባባሉ ምቹ ነው፤ ለተናጋሪው ምንም ሥራ አያበዛበትም። ግን ቢያንስ ግማሹ ስሕተት ነው። የጎጃም ገበሬ የፈራው ልኬትን ሳይሆን ለኪውን ነበር። ጥርጣሬውም ተማሪ ማስመሪያ ይዞ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከሚማረው ነገር ጋር በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል።

ነገሩን ከዲማ መጀመር ይሻላል።

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አካባቢ የሚገኝ ጥንታዊ ደብር ነው። ስሙን ቅኔ የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቅኔ ያልቆጠረው ደግሞ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቀዋል። ፊታውራሪ መሸሻ የሚኖሩት ዲማ ነው። ከልማድ ውጭ ግብር አንሰጥም ያሉ ገበሬዎች የሚያምፁባቸውም እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም ሲሆን፣ እውነተኛው አመፅ በዚያው በቢቸና አውራጃና በአጎራባቾቹ የተቀጣጠለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጎዛምን ተወልደው ያደጉት ደራሲ ትንቢት እየጻፉ አልነበረም፤ የሚያውቁትን አገር እየጻፉ ነበር።

በዚህ አገር ቁጥር የፈራ ሰው ነበር ለማለት ያስቸግራል። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ቀኑን በ60 ኬክሮስ ከፍሎ ያሰላል። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ብራና ላይ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊም ቀለም ከመንከሩ በፊት በወስፌ ነጥብ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ መስመር ያሰምራል፤ ዓምዱን ከዓምድ ያስተካክላል። አንዱ መስመር ከሌላው ቢሰፋ ገጹ ሁሉ ይመሰክርበታል። ጥንቃቄ የተሞላበት ልኬት በዲማ ዙሪያ ከብራና ጋር አብሮ የኖረ ሙያ ነው።

መሬት ግን የሚለካው በሌላ ነበር። የገበሬው ዋና መለኪያ ጥማድ ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ያህል። ጥማድ ርዝመትም ስፋትም የለውም፤ የሚለካው ድካም ነው። ዳገቱ፣ መረሬው፣ የበሬው ጉልበት ሁሉ ውስጡ አለ። በአጭሩ ርዝመት ደግሞ ሰው የራሱን አካል ይጠቀማል፤ ጣት፣ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ። ክንድ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ነው፤ በሜትር ሲተመን ግማሽ ሜትር ይባላል። የማን ክንድ? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ጥበብ ወይም አቡጀዲ የሚገዛ ሰው ረጅም ወዳጁን ይዞ ገበያ መሄዱ የታወቀ ነገር ነበር። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ በዋጋው ላይ ያካክሰዋል። ገበያ ላይ ሁለቱም ወገን ዓይን ለዓይን ስለሚተያይ ስሕተቱ ድርድር ውስጥ ይገባል፤ ማንም በዚህ ምክንያት አልሸፈተም።

ቀላድ ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው።

ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ወይም ጠፍር ነው። በምኒልክ ዘመን በሸዋና በደቡቡ ክፍል መሬት በስፋት የተለካበት እሱ ነበር። ርዝመቱ 133 ክንድ ተብሎ ይጠቀሳል፤ ክንዱ ግማሽ ሜትር ከሆነ 66.5 ሜትር መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአንድ ጋሻ መጠን ደግሞ 7 ቀላድ በ11 ቀላድ ነው፤ መሬቱ ጠፍ ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ይል ነበር። አሁን ማሽን ላይ ይባዛ። 7 ጊዜ 66.5፣ 465.5 ሜትር። 11 ጊዜ 66.5፣ 731.5 ሜትር። ሲባዙ 340,513.25 ካሬ ሜትር።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ጋሻ እስከ ሩብ ካሬ ሜትር ድረስ የሚታወቅ ነገር ይመስለዋል። ሩብ ካሬ ሜትር ማለት የአንዲት ትንሽ ሰፌድ ያህል ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ማስመሪያ የያዘው ተማሪ ይግባ። ተማሪው የእርሳስ ርዝመት ሲለካ መጀመሪያ የሚነገረው ዓይኑን ከመስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲያሳርፍ ነው፤ ከጎን ያየ ሰው ያሳሳታል። ቀጥሎ የሚነገረው ከዚህ ይከብዳል። ማስመሪያው በሚሊ ሜትር የተከፈለ ከሆነ እስከ 12.4 ሳንቲ ሜትር ያለውን መስመሩ ራሱ ያሳያል። ከመስመሩ አልፋ የተረፈችውን ቅንጣት ተማሪው በዓይኑ ገምቶ 12.43 ሊል ይችላል። 12.4 የታየ ነው፤ የመጨረሻዋ 3 የተገመተች ናት። ከዚያ ወዲያ አንድ አኃዝ መጨመር ግን መለካት መሆኑ ቀርቶ መፍጠር ነው። በመሣሪያው የተገኙት አኃዞች ከዚያች ከተገመተችው ጋር ጉልህ አኃዞች ይባላሉ። ሲባዙም ሕጉ አይቀርም፤ ውጤቱ ከተባዙት ልኬቶች ከደካማው የበለጠ ጉልህ አኃዝ ሊኖረው አይችልም።

ክንድ «50 ሳንቲ ሜትር» ሲባል ቢበዛ ሁለት ጉልህ አኃዝ አለው፤ ያም ቸር ለሆነ መምህር ነው። ስለዚህ ከ340,513.25 ውስጥ የመሬቱ የሆኑት 3 እና 4 ብቻ ናቸው። 34 ሄክታር። የቀሩት ስድስት አኃዞች የማባዣው ናቸው። በነገራችን ላይ፣ በኋላ በመንግሥት ሰነድና በመማሪያ መጽሐፍ የተለመደው «አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ነው» የሚለው ነው። ያቺን ዜሮ ማንም አልለካትም፤ ለአፍ ስለምትመች የተቀመጠች ናት።

ይህ ሁሉ የፈተና ጥያቄ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን ገመዱ ጫፍ ላይ ግብር ታስሮ ነበር። በ1937 ዓ.ም የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በተለካ አገር ለአንድ ጋሻ ለም መሬት፣ ግብሩና አሥራቱ ተደምሮ፣ 50 ብር ይጠይቅ ነበር፤ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15። አሁን ለኪው ክንዱ 50 ሳይሆን 48 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ነው እንበል። የሁለት ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። 133 ክንዱ 63.84 ሜትር ይሆናል፤ ጋሻውም ወደ 31 ሄክታር ይወርዳል። በርዝመት የ4 በመቶ ስሕተት በስፋት ላይ ወደ 8 በመቶ ያድጋል፤ ርዝመቱም ወርዱም አብረው ስለሚሳሳቱ። ያው ባለ 34 ሄክታር ገበሬ በአጭሩ ገመድ ሲለካ አንድ ጋሻ ከምናምን ይሆናል። 50 ብር የነበረው 54 ብር።

አራት ብሩ ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ «ትርፍ» የሚባለው ነው። በቀላድ አገር በመዝገብ ከተጻፈው ጋሻ በላይ የተገኘ መሬት የመንግሥት ተደርጎ ለሌላ ሊሰጥ ወይም ሊሸጥ ይችል ነበር። በላይኛው ሒሳብ ከክንድ ማጠር ብቻ የሚፈጠረው ትርፍ 2.7 ሄክታር ገደማ ነው፤ ከአሥር ጥማድ በላይ። ማንም ያልጨመረው፣ ማንም ያልገፋው መሬት፣ ከገመድ ስሕተት የተወለደ ርስት። ጠፍር ሲርስ የሚለጠጥ፣ ሲደርቅ የሚሰበሰብ ነገር መሆኑ፣ ገደል ለገደል ሲጎተት የሚረግብ መሆኑ ሳይጨመር ነው ይህ። የሚረግበውን ገመድ የሚወጥረው ደግሞ ገበሬው አልነበረም።

የጎጃም ሰው ይህን ከመጽሐፍ አላነበበም። በደቡብ ቀላድ ሲጣል ለባላባቱ ሲሶው ቀርቶ የተረፈው መሬት ወደ መንግሥትና መንግሥት ወደ ሾመው ሰው መሄዱን በወታደርነት የዘመተ፣ በንግድ የተመላለሰ ሁሉ አይቷል። በ1950ዎቹ በባሌ ገበሬው ሲነሣ ከቅሬታዎቹ መካከል ግብርና የመሬት ልኬት እንደነበሩበት ወሬው ደርሷል። በጎጃም ግን መሬቱ ርስት ነበር። ግብሩ በዋና አባት ስም ይቆጠራል፤ ልጆቹ በየምንዝር አባታቸው ይካፈሉታል። መሬት ሲከፈል ዘመዳሞች ቆመው ያያሉ፣ ዕጣ ይጣላል፣ ያልተስማማ ይሟገታል፤ ሙግቱ ደግሞ አያልቅም። በጎጃም የርስት ሙግት ዕድሜ ልክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንግሥት በዚህ ሁሉ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ስንት ካሬ ሜትር እንደያዘ አያውቅም ነበር። አለማወቁ ለገበሬው አጥር ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው በዚህ አጥር ውስጥ ነው።

መንግሥት አጥሩን ለማለፍ ደጋግሞ ሞክሯል። ከጣሊያን መባረር ማግሥት፣ በ1934 ዓ.ም አዲሱ የመሬት ግብር ሲታወጅ ጎጃም እምቢ አለ። ውጤቱ በ1937ቱ አዋጅ ላይ ይታያል፤ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከአዲሱ የጋሻ ተመን ውጭ ሆነው በቀድሞው ግብራቸው እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። በ1940ዎቹ መጀመሪያም ግርግር ነበር።

ከዚያ ኅዳር 1960 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ይጣላል። አዋጁ የመሬት ልኬት አዋጅ አልነበረም። በመርህ ደረጃ ሲታይ እንዲያውም ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይከፍላል። ይህን መካድ ለታሪክ ፍትሐዊ አይሆንም። ግን ገቢውን ማን ያውቃል? ገማች ይላካል። ገማቹ ማሳው ዳር ቆሞ፣ በእጁ ገመድም ሚዛንም ሳይኖር፣ ምርቱ ይህን ያህል ነው ብሎ ቁጥር ይጽፋል። የተጻፈው ቁጥር በብርና በሳንቲም ተሰልቶ ይመለሳል። በዓይን የተገመተ ነገር በሳንቲም ሲተመን ያቺ ሳንቲም ከየት መጣች? ፊዚክስ ያልተማረው ገበሬ ጥያቄውን የጠየቀው በዚህ ቋንቋ አይደለም፤ ጥያቄው ግን ይኸው ነው። ገማቹን ያላመነ ሰው ነገ ገመድ ይዞ ይመጣል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ቀድሞም በጎጃም አልተወደዱም ነበር። ገማቾቹ በብዙ ወረዳ ሳይገቡ ተመለሱ። በቢቸና፣ በሞጣ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያና በዳሞት ገበሬው ተሰባሰበ፣ ተማማለ፣ ተኮሰ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም በመንደር ላይ ቦምብ ጣለ። የሞተው ሞቶ፣ የተቃጠለው ተቃጥሎ፣ በመጨረሻ የተሸነፈው አዋጁ ነው። ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ለዓመታት የተከማቸው ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም በወጉ ሳይሰበሰብ ቀረ። ቀላድም አልገባም።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የፈረንሳይ ገበሬ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። በ1789 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አብዮቱ ዋዜማ ላይ፣ የፈረንሳይ ገበሬዎች ለንጉሡ በላኩት የአቤቱታ መዝገብ ደጋግመው የጠየቁት አንድ ወጥ መለኪያ ነበር። የጌታው ቁና በየጊዜው እየሰፋ አስለቅሷቸው ነበርና። ሜትር የተወለደው ከዚያ ጩኸት በኋላ ነው። ሁለት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት፣ ደላምብርና መሼን፣ ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን የምድር ቅስት ሰባት ዓመት ገደማ ለኩ። መሼን በራሱ ልኬት ላይ አለመጣጣም አገኘና ደብቆት ሲብሰከሰክ ኖረ። ሜትሩም መሆን ከነበረበት በ0.2 ሚሊ ሜትር አጠረ። የፈረንሳይ ገበሬ የተበደለው መለኪያ ባለመኖሩ ስለሆነ መለኪያ ጠየቀ፤ የጎጃም ገበሬ በደልን ያየው መለኪያ በገባበት አገር ስለሆነ ገመዱን መለሰ። የሁለቱም ጥያቄ ገመዱን ማን ይዟል የሚል ነው።

ገመዱ ግን ውሎ አድሮ ገባ። የካቲት 1967 ዓ.ም ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ ጣሪያው 10 ሄክታር ነው አለ። በምሥራቅ ጎጃም 10 ሄክታር ሊደርሰው የሚችል ገበሬ መፈለግ ከንቱ ነበር፤ ያም ቁጥር ለአዋጅ የተጻፈ ክብ ቁጥር ነው። ክብ ያልሆነው በ1989 ዓ.ም መጣ። በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል በቀድሞ ሥርዓት ሹመት ነበራቸው የተባሉት፣ «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የተለጠፈባቸው፣ በ4 ጥማድ፣ ማለትም በ1 ሄክታር እንዲወሰኑ ተደረገ። ከጎጃም ብዙ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ያኔ ገመዱን የወጠረው ከሩቅ የመጣ የመንግሥት ለኪ አልነበረም። የገዛ ቀበሌው ኮሚቴ ነው። ጥማድ ደግሞ በመንግሥት አፍ ሩብ ሄክታር ሆኖ ነበር፤ በሬና ድካም የሚለካው አሮጌ ቃል በካሬ ሜትር ልብስ ተሸፍኖ።

ከዚያ ደብተሩ መጣ። በ1990ዎቹ የአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ሲጀምር፣ ለሙከራ ከተመረጡት ቀበሌዎች አንዱ በደሴ ዙሪያ ገራዶ ነው፤ ሌላው እዚሁ ጎጃም፣ በጎዛምን ወረዳ አዲስና ጉሊት። የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ካርታ አልነበረውም። የባለ ይዞታው ስም፣ የመሬቱ ግምታዊ ስፋት፣ ከዚያ በአራቱ ማዕዘን አዋሳኞቹ ይጻፋሉ። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ። ሁለተኛው ደረጃ ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ ወሰኑን በማስመር የሚሠራ ነው፤ የመሬቱ ቅርጽና ስፋት በወረቀቱ ላይ ይታተማል።

ማስመሪያው እንደገና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ምስሉ በ1 ለ2000 ታትሟል እንበል። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ፣ አንድ ጥማድ መሆኑ ነው፣ በወረቀቱ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር በ2.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር የእስክርቢቶ መስመር መሬት ላይ 1 ሜትር ነው። መስመሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል የማሳው ስፋት ከ2,401 እስከ 2,601 ካሬ ሜትር ይዋዥቃል፤ በሄክታር ከ0.24 እስከ 0.26። ወረቀቱ ላይ 0.2487 ተብሎ ቢታተም የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የኮምፒዩተሩ ናቸው። ኮምፒዩተር አይዋሽም፤ የሰጡትን ማባዛት ብቻ ነው ሥራው።

ወሰኑ ራሱም መስመር አይደለም። ዲማ አካባቢ በሁለት ማሳ መካከል ሳር የሚበቅልበት፣ ልጆች ከብት የሚያግዱበት ቀጭን ድንበር አለ። ግማሽ ሜትር ስፋት ብቻ ቢኖረው እንኳ፣ 200 ሜትር ዙሪያ ባለው ማሳ 100 ካሬ ሜትር ነው። የማን ነው? ቀደም ሲል መልሱ የሁለቱም ወይም የማንም ነበር። መንገድ ሲወጣ፣ ከተማ ሲሰፋ፣ ካሳ በካሬ ሜትር ሲተመን ግን የማንም የሚባል ነገር አይኖርም። ያቺ ሳር የበቀለባት ድንበር ብር ታወጣለች።

ለዚህ ነው ዛሬም በጎጃም የድንበር ጠብ ሲነሣ፣ ሁለቱም ወገን ከነአራት አኃዙ የታተመ ወረቀት ይዞ ቢመጣ እንኳ፣ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያስጠራው አዋሳኞቹን የሚሆነው። የምሥራቁ፣ የምዕራቡ፣ የላዩና የታቹ ጎረቤት መጥቶ ማሳው ዳር ይቆማል። ድንጋዩ ከየት ተነሣ፣ ማን ገፋው፣ አባቶች ሳሉ የት ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ አንዱ ወጣት ባለ 50 ሜትሩን ሜትር ይዞ አንደኛውን ጫፍ ለአንዱ ተከራካሪ፣ ሌላውን ጫፍ ለሌላው ይሰጣል፤ ሁለቱም እያዩ ይወጠራል።